በአኩስቲክ ጊታር ተረከዝ ላይ የማንገቻ ቁልፍ መትከል፦ የት ቦታ፣ በምን ያህል ጥልቀት?

ጣና ዳር (ጥያቄ አቅራቢ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ጊታር እጫወታለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሐይቁ ዳር በሚደረጉ የሠርግና የልደት ዝግጅቶች ላይ ቆመን እንጫወታለን። ጊታሬ የብረት ክር ያለው ተራ አኩስቲክ ጊታር ሲሆን፣ ከሳጥኑ ግርጌ ማንገቻ የሚያዝበት አንድ ቁልፍ ከፋብሪካው ተተክሎለት መጥቷል፤ በአንገቱ በኩል ግን ምንም የለውም። ቁልፍ ስል በማንገቻው ጫፍ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቆዳውን የሚይዘውን ትንሽ ጉብ ማለቴ ነው።

እስካሁን የማንገቻውን ሌላኛውን ጫፍ በጫማ ማሰሪያ ከጊታሩ ራስ ላይ፣ ከክሮቹ ሥር አሳልፌ እያሰርሁ ስጫወት ቆይቻለሁ። ይህ አሠራር ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛው፣ በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች በመጀመሪያው (በመጀመሪያው ፍሬት) አካባቢ አኮርድ ስይዝ ማሰሪያው ከግራ እጄ ጋር ይጋጫል። ሁለተኛውና ያሳዘነኝ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ ዘፈኑ ሳያልቅ ቋጠሮው ተፈቶ ጊታሩ ከትከሻዬ መውረዱ ነው። አንገቱን በእጄ ቀልቤ ስለያዝሁት መሬት አልወደቀም፤ ነገር ግን ግርጌው ከወንበር ጋር ተጋጭቶ በጎኑ ላይ ቫርኒሹ የጣት ጥፍር በሚያህል ስፋት ተልጧል። ይህን ጊታር የገዛሁት ከደመወዜ እየቆጠብሁ ነውና ያን ምሽት ቤት ገብቼ በባትሪ ብርሃን ጎኑን ስመረምር ያደረብኝን ስሜት ጊታር ያለው ሰው ሁሉ ይረዳልኛል።

ስለዚህ አንገቱ ከሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት ወፍራም ቦታ፣ ብዙዎች ተረከዝ በሚሉት ላይ፣ ሁለተኛ ቁልፍ ለመትከል አስቤአለሁ። ሆኖም ትራፓኖ ይዤ ወደ ጊታሬ ለመቅረብ ድፍረቱን አጣሁ። ቦታው የተረከዙ ጎን ነው ወይስ ጀርባው? ብሎኑ ምን ያህል ቢገባ አንገቱን አይጎዳም? ድምፁስ ይለወጣል? በእጁ ሠርቶ የሞከረ ሰው ቢመልስልኝ ውለታውን አልረሳም።

ዋንዛ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እኔ በሙያዬ አናጺ ነኝ፤ የምሠራውም በአብዛኛው ከዋንዛ የቤት ዕቃ ነው። ጊታር አልሠራም፤ ይሁን እንጂ እዚሁ ከተማ ለሦስት ጊታሮች ይህንኑ ቁልፍ ተክያለሁ፤ የራሴ ልጅ ጊታርም አንዱ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ከውስጥ ያለውን ሳያዩ ከውጭ አይብሱ። አንድን በር ማጠፊያ ሳስገጥምለት የማስበው ስለምበሳው ቀዳዳ ብቻ አይደለም፤ ከእንጨቱ ውስጥ ሌላ ሚስማር፣ መጋጠሚያ ወይም ጉጥ መኖር አለመኖሩንም አስቀድሜ አጣራለሁ። የጊታር ተረከዝም እንዲሁ ነው። ከውጭ ሲያዩት አንድ ወጥ እንጨት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከጊታር ጊታር ይለያያል። በአንዳንዱ አንገቱ እንደ እርግብ ጅራት በተቀረጸ መጋጠሚያና በኮላ ብቻ ተይዟል፤ በሌላው ከሳጥኑ ውስጥ በሚመጡ አንድ ወይም ሁለት ብሎኖች ታስሯል። ብሎን ያለው ከሆነ እነዚያ ብሎኖች በተረከዙ መካከለኛ መስመር ላይ ተዘርግተው፣ ጫፋቸው ከእንጨቱ ውስጥ በተቀበረ ብረት ላይ ይነክሳል። ይህን ሳያውቁ ቢበሱ ፑንታው፣ ማለትም የትራፓኖው መብሻ ብረት፣ ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ይሰበራል፤ የተሰበረውን ፑንታ ከተረከዝ ውስጥ ማውጣት ደግሞ ከመጀመሪያው ሥራ አሥር እጥፍ ይከብዳል።

ስለዚህ ክሮቹን አላልተው ትንሽ መስታወትና የስልክ መብራት በድምፅ ቀዳዳው አስገብተው ወደ አንገቱ አቅጣጫ ይመልከቱ። የብሎን ራስ ካዩ ከጀርባው እንጨት ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩልኝ። በተጨማሪም ተረከዙን ከጎን በደንብ ያጢኑት፤ ዋጋቸው ዝቅተኛ በሆኑ ጊታሮች ላይ ተረከዙ ከአንድ እንጨት ሳይሆን እርስ በርስ ከተደራረቡና በኮላ ከተያያዙ ቁርጥራጮች ይሠራል፤ የመጋጠሚያው መስመር በጎኑ ላይ እንደ ቀጭን ጭረት ይታያል። ቀዳዳው በዚያ መስመር ላይ እንዲያርፍ አንፈልግም፤ ብሎኑ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሁለቱን ንብርብር ሊያላቅቅ ይችላልና።

የለኩትን ይዘው ይምጡና ስለ ብሎኑ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ሳይበሳ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። እንጨት አንዴ ከተበሳ እንደ ነበረ አይመለስም። ጥያቄ አቅራቢው የደረሰባቸው ችግር የጫማ ማሰሪያ በመጠቀማቸውና ቋጠሮው በመላላቱ የመጣ እንጂ፣ ማንገቻን ከራሱ ላይ ማሰር በራሱ ስሕተት ስለሆነ አይደለም። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ አጭር የቆዳ ማሰሪያ አለ፤ በክሮቹ ሥር ዞሮ በብረት ቁልፍ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፤ በሁለት ቋጠሮ የታሰረ ጠፍርም ቢሆን ዓመታት ያገለግላል። ብዙ አኩስቲክ ጊታሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በተረከዛቸው ላይ ቁልፍ የማይተከልላቸው ሠሪዎቹ ረስተውት አይመስለኝም፤ ከራሱ ላይ ማሰር የቆየና የታወቀ ልማድ ስለሆነ ነው። ነገ ጊታሩን ለመሸጥ ቢፈልጉም ገዢው በመጀመሪያ የሚያየው ያንን ቀዳዳ ነው። ለተረከዙ ጥንካሬና ለድምፁም እሰጋለሁ።

የቆየ እጅ

የሁሉንም አስተያየት በአክብሮት አነበብሁ። ጊታር ከያዝሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለሆነኝ በዚህ ጉዳይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ የነበረኝን ጊታር ይህንኑ ቁልፍ እንዲተክሉልኝ ወደ አንድ የጥገና ቤት ወሰድሁት። ሠራተኛው ቁልፉን ከተረከዙ ጀርባ፣ ማለትም ጊታሩ ሲታነገት ደረታችንን በሚነካው ቆብ ላይ አኖረው፤ ቀድሞ ቀጭን ቀዳዳ ሳይከፍት ብሎኑን በኃይል አስገባው። ያን ዕለት ምንም አልታየም። ከአንድ ወር በኋላ ግን ቆቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁም ወደ ተረከዙ ወርዶ አገኘሁት። እንጨት ከብሎኑ ውፍረት የተነሣ የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ በደም ሥሩ አቅጣጫ ይከፈታል፤ አናጺው ወንድማችንም ይህን ያውቁታል። ስንጥቁ በኮላ ተያዘ፤ ነገር ግን ያ ጊታር እጄ ላይ እስከ ነበረበት ጊዜ ድረስ እያየሁት አዝኛለሁ።

የቦታው ምርጫም ሌላ ትምህርት ሰጥቶኛል። ቁልፉ በቆቡ ላይ ሲሆን ጊታሩ ከደረት እየራቀ ወደ ፊት ይደፋል፤ ተጫዋቹ ሳያስበው በቀኝ ክንዱ ሳጥኑን እየጫነ ስለሚይዘው ከአንድ ሰዓት በኋላ ትከሻው ይዝላል። ከዚያ ወዲህ በያዝኋቸው ጊታሮች ሁሉ ቁልፉን ያኖርሁት በተረከዙ ጎን፣ ወደ መሬት በሚያየው፣ ማለትም በቀጫጭኖቹ ክሮች ወገን ነው። በዚህ ቦታ ማንገቻው ከትከሻ ወርዶ በተረከዙ ጀርባ ያልፍና ከሥር ይያዛል፤ ጊታሩም ወደ ሰውነት ተጠግቶ ይቆማል። በግራ እጁ የሚጫወት ሰው ግን ጊታሩን ስለሚገለብጠው ወገኑም ይገለበጥበታል።

አሁን ወደ ሳይበሳ ሥጋት ልምጣ። ድምፅን በተመለከተ፣ የአኩስቲክ ጊታር ድምፅ በአብዛኛው የሚመነጨው ክሮቹ የሚታሰሩበትን ድልድይ ከተሸከመው ቀጭን የፊት ሳንቃ መርገብገብ ነው። ተረከዙ ግን ሆን ተብሎ እንዳይንቀሳቀስ የተደረገ ወፍራም ቦታ ስለሆነ ጥቂት ግራም የሚመዝን ብሎን የሚያመጣውን ልዩነት ጆሮዬ ሰምቶ አያውቅም። ጥንካሬን በተመለከተ ደግሞ፣ ስድስት የብረት ክሮች በተለመደው ቅኝት ሲወጠሩ በድምሩ ወደ 70 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉተታ አላቸው፤ ይህን ኃይል ሌት ተቀን የሚችለው ያ ተረከዝና መጋጠሚያው ነው። ጊታሩ ራሱ የሚመዝነው ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። በትክክለኛው ቦታ የተበሳ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ቀዳዳ ይህን ሚዛን አያዛባም። በተቃራኒው ማንገቻው ከራሱ ላይ ሲታሰር ክብደቱ የሚያርፈው በቀጭኑ አንገት ጫፍ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ክንዱን ሲያሳርፍበትም አንገቱ በትንሹ ይሳባል፤ ጆሮው የሠላ ሰው ቅኝቱ ሲንሸራተት ይሰማዋል።

ሳይበሳ የተናገሩት ስለ መሸጥ ግን እውነት ነው። ጊታሩ አሮጌና ብርቅ ቢሆን ኖሮ እኔም አይበሳ እል ነበር።

ናይለን

እንደ ምን አላችሁ? የእኔ ጊታር የናይለን ክር ያለው ክላሲክ ነው፤ ከላይም ከታችም ቁልፍ የለውም። ዘጌ ካሉ ዘመዶቼ ዘንድ በበዓል ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ፤ ቆሜም መጫወት እፈልጋለሁ። ይህ ምክር ለእኔም ያገለግላል?

የቆየ እጅ

ለናይለን፦ በጥንቃቄ እንጂ እንዲሁ አያገለግልም። ክላሲክ ጊታር ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ የያዘው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በተለይም በስፔናዊው ሠሪ በአንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እጅ ነው፤ ተጫዋቹም ግራ እግሩን በትንሽ መቀመጫ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ስለሚጫወት ማንገቻ አላስፈለገውም። ስለዚህ ከግርጌው በውስጥ በኩል ያለው ድጋፍ እንጨት በብዙዎቹ ላይ ከብረት ክር ጊታር ይልቅ ቀጠን ያለ ነው። ከታች ከመብሳትዎ በፊት በመስታወት አይተው ውፍረቱን ማረጋገጥ ግድ ይላል፤ ከድጋፉ ውጭ ያለው የጎን እንጨት እኮ ውፍረቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ብሎን አይሸከምም። የተረከዙ ጉዳይ ግን ይቀላል፤ በስፔን ሥርዓት በተሠራ ጊታር ተረከዙና የውስጡ ድጋፍ አንድ ላይ የተያያዙ ስለሆኑ የሚያሰጋ ብሎን የለባቸውም። ጊታሩ በእጅ የተሠራና ውድ ከሆነ እንዲሁ ይተዉት እላለሁ። በክራር ላይ እንደምናየው ጠፍር፣ ሳይበሱ የሚታሰርበት መንገድ ይፈለግለት።

ጣና ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሽ ዋንዛ እንዳዘዙኝ ትናንት ማታ ክሮቹን አላልቼ ውስጡን ተመለከትሁ። የእህቴን የመኳኳያ መስታወት በድምፅ ቀዳዳው አስገብቼ በስልኬ ሳበራ፣ በአንገቱ በኩል ባለው ወፍራም ድጋፍ እንጨት ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ራስ ያላቸው ሁለት ብሎኖች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ታዩኝ። ባላይ ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር ሳስበው ከጥያቄዬ በፊት ትራፓኖ አለመያዜ ተመስገን ያሰኛል።

ርቀቱን መለካት ግን አስቸግሮኝ ነበር፤ ማስመሪያው በድምፅ ቀዳዳው ገብቶ አይታጠፍም። በመጨረሻ ከጫማ ካርቶን ጠባብ ቁራጭ ቆርጬ፣ ጫፉን ከጀርባው ሳንቃ ላይ አሳርፌ፣ የታችኛው ብሎን መካከል ካለበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት። ካወጣሁት በኋላ ስለካው 38 ሚሊ ሜትር ሆነ። ተረከዙን ከጎን ስመለከተው ከጀርባው 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ አንድ የመጋጠሚያ መስመር አለ፤ ከዚያ በታች እስከ ቆቡ ድረስ አንድ ወጥ እንጨት ነው። ተረከዙ ወደ ቆቡ ሲወርድ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከጀርባው በ16 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ከጎን እስከ ጎን ያለው ስፋት 30 ሚሊ ሜትር ነው።

ከአንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ቁልፍ ገዝቻለሁ፤ አብሮት የመጣው ብሎን 35 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ይህ አይበዛም?

ዋንዛ

ልኬትዎ ደስ አሰኝቶኛል። ቦታው እርስዎ ራስዎ የለኩት ነው፦ ከጀርባው በ16 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ ወደ መሬት በሚያየው ጎን። ከታችኛው ብሎን መካከል ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ከመጋጠሚያው መስመር ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ከቆቡም በቂ እንጨት ይቀረዋል።

ስለ ብሎኑ፣ አዎ፣ ይረዝማል። ብዙዎች የሚዘነጉት ብሎኑ ሙሉ በሙሉ እንጨት ውስጥ እንደማይገባ ነው፤ የቁልፉ ቁመትና ከቁልፉ ሥር የሚገባው የቆዳ ቀለበት ከርዝመቱ ላይ ይወስዳሉ። ቁልፍዎ ከብሎኑ ራስ በታች 9 ሚሊ ሜትር ከወሰደ 26 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይቀራል፤ ከ30 ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ ይህ ለማዶው እጅግ ይቀርባል። እኔ የማላልፈው ወሰን የስፋቱን ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ብሎን ይፈልጉ፤ ከእንጨቱ ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገባል። የነሐስ ብሎን መልኩ ቢያምርም ለስላሳ ስለሆነ በጠንካራ እንጨት ውስጥ ሲጠብቅ አንገቱ ይበጠሳል። ነሐሱን ከወደዱት በመጀመሪያ በተመሳሳይ የብረት ብሎን መንገዱን ይክፈቱለት።

አሁን ስለ ቀዳዳው። የሚበሱት የብሎኑን ጥርስ ሳይሆን የውስጡን ግንድ በሚያህል ፑንታ ነው። ፑንታውን ከብሎኑ ፊት ለፊት ይዘው በብርሃን ሲያዩት ግንዱ ተሸፍኖ ጥርሶቹ ብቻ ከግራና ከቀኝ ብቅ ካሉ ልኩ እርሱ ነው። ለ3.5 ሚሊ ሜትር ብሎን 2.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይሆናል። በፑንታው ላይ ከጫፉ በ20 ሚሊ ሜትር ርቀት የወረቀት ፕላስተር ይጠምጥሙበት፤ ፕላስተሩ ተረከዙን ሲነካ እጅዎ ይቆማል። ተረከዙ ላይም ያንኑ ፕላስተር ለጥፈው ምልክቱን በእርሱ ላይ ያድርጉ፤ ቫርኒሹ እንዳይፈነጥር ይይዝልዎታል። በምልክቱ ላይ በሹል ሚስማር ትንሽ ነጥብ ይውጉ፤ የተረከዙ ጎን ጠመዝማዛ ስለሆነ ያለዚያች ነጥብ ፑንታው ይንሸራተታል፤ እውነተኛው ጉዳት የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቅጽበት ነው።

የቫርኒሹን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርዎት። ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ፕላስተሩን ሳያነሡ 4 ሚሊ ሜትር ፑንታ በጣትዎ ይዘው፣ ያለ ትራፓኖ፣ በቀዳዳው አፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩት። ዓላማው እንጨቱን መብሳት አይደለም፤ የብሎኑ ጥርስ ሲገባ ቫርኒሹን ይዞ እንዳያነሣው በዙሪያው ያለውን መላጥ ነው። ይህን ካልሠሩ በቁልፉ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል።

ብሎኑን ሰም ያስነኩት። ከጧፍ የተረፈ ቁራጭ ሰም ይበቃል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ሳሙና ይጠቀማሉ፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ሳሙና እርጥበት ስለሚስብ በክረምት የሐይቁ አየር ብሎኑን ያዝገዋል። በመጀመሪያ ብሎኑን ብቻውን፣ ያለ ቁልፉ፣ በእጅ ካቻቪቴ አስገብተው ያውጡት፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉና የቆዳው ቀለበት የሚገቡት። ቁልፉ ቆዳውን መጫን ሲጀምር ያቁሙ። ያለ ልክ አጥብቆ እንጨቱን ከቆረጠው ብሎን ይልቅ ልክ ላይ የቆመው የበለጠ ይይዛል።

ጊታሩ ላይ ከመድረስዎ በፊት በሌላ የጠንካራ እንጨት ቁራጭ ላይ ሁለት ጊዜ ይሞክሩት።

መሰኪያ

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። በጊታሬ ላይ የድምፅ መቀበያ ልገጥም አስቤአለሁ፤ የገመዱ መሰኪያ በግርጌው ቁልፍ ቦታ ይገባል ይባላል። ቀዳዳውን በተራ ፑንታ ማስፋት ይቻላል?

የቆየ እጅ

አይሞክሩት ወንድሜ። ለዚያ መሰኪያ የሚያስፈልገው ቀዳዳ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ትልቅ ተራ ፑንታ ቀድሞ በተከፈተ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ጠርዙን ነክሶ እንጨቱን ይገነጥለዋል። ይህ የሚሠራው እየሰፋ በሚሄድ ሾጣጣ መሞረጃ፣ በእጅ፣ በዝግታ ነው። መሰኪያው ራሱ እንደ ማንገቻ ቁልፍ ያገለግላል፤ ነገር ግን ከተራው ቁልፍ ስለሚወፍር የማንገቻውን ስንጥቅ ማስፋት ያስፈልጋል።

ጣና ዳር

ሥራው ተፈጽሟል። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ እንደ እኔ ፈርቶ የተቀመጠ ሌላ ሰው ይኖራልና።

ጋሽ ዋንዛ እንዳሉት በመጀመሪያ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በለመንሁት የወይራ ቁራጭ ላይ ሞከርሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ፤ ፑንታውን ቀጥ አድርጌ የያዝሁ መስሎኝ ሳለ ብሎኑ አጋድሎ ገባና ቁልፉ በአንድ ወገን ብቻ ተቀመጠ። ስለዚህ ሁለተኛውን ስበሳ ወንድሜ ከፊቴ ቆሞ ትንሽ ስኳድራ ከፑንታው ጎን ይዞ «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ» እያለ መራኝ። ቀጥ ብሎ ገባ። ጊታሩም ላይ የሠራነው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሁለተኛ ዓይን ባይኖር ኖሮ አይሳካልኝም ነበር።

ጊታሩን በጠረጴዛ ላይ በታጠፈ ጋቢ አስተኝተን፣ አንገቱን በሌላ ጋቢ ደገፍነው። ምልክቱን በፕላስተሩ ላይ ካደረግሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ደግሜ ለካሁት። ትራፓኖውን በዝቅተኛ ፍጥነት ስነካው መጀመሪያ የወጣው ነጭ የቫርኒሽ ብናኝ ነበር፤ ወዲያው ግን ቀለሙ ተለውጦ ቀይ ዳማ የእንጨት ድቃቂ፣ እንደ ተፈጨ በርበሬ ያለ፣ በፑንታው ዙሪያ እየተጠቀለለ ወጣ። ሽታው እንደ አሮጌ ሣጥን ነው። በየአምስት ሚሊ ሜትሩ ፑንታውን እያወጣሁ ድቃቂውን ጠረግሁ። ፕላስተሩ ተረከዙን ሲነካ ቆምሁ፤ ብረት አልገጠመኝም።

ከዚያ የ4 ሚሊ ሜትሩን ፑንታ በጣቴ አዞርሁት፤ ቫርኒሹ ጥርት ባለ ክብ ተላጠ። ሰም የተቀባው ብሎን በእጅ ካቻቪቴ ሲገባ እኩል የሆነ ግትርነት ነበረው እንጂ የትም ላይ አልተንቋቋም። ለቀለበቱ ከአሮጌ ጫማ ምላስ ክብ ቆዳ ቆርጬ ከሥሩ አኖርሁ። ቁልፉ ቆዳውን ጫን ሲያደርገው ቆምሁ። ፕላስተሩን ሳነሣው በዙሪያው አንዲት ስንጥቅ አላየሁም።

ቅዳሜ ዕለት ለሦስት ሰዓት ያህል ቆሜ ተጫወትሁበት። የቆየ እጅ የተናገሩት ልክ ነው፤ ጊታሩ ወደ ደረቴ ተጠግቶ ቆመ፤ ግራ እጄም በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ነፃ ሆነች። አዲስ የታየኝ ነገር ቢኖር ማንገቻውን እንደ ገና ማሳጠር ማስፈለጉ ነው፤ ከራሱ ላይ ሲታሰር ከነበረው ርዝመት ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ቀንሼአለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ማንገቻውን ሳስተካክል የግርጌው የፋብሪካ ቁልፍ በእጄ ተነቅሎ ወጣ። ብሎን የለውም፤ እንደ ውታፍ የተሰካ ሾጣጣ ፕላስቲክ ነው። ብመልሰውም እንደ ገና ይላላል።

ሳይበሳ

በጥንቃቄ በመሠራቱ ደስ ብሎኛል። የተናገርሁት ለአሮጌና ብርቅ ጊታር አሁንም የማምንበት ነው፤ የእርስዎን በተመለከተ ግን፣ ውስጡ ታይቶና ተለክቶ እስከ ተሠራ ድረስ፣ ጊታሩ ተፈትቶ ከሚወድቅ ይህ ይሻላል። ያችን የተላጠች ቦታ ግን እንዳለች አይተዋት፤ ያልተሸፈነ እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣልና በቀጭን ብሩሽ አንድ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ያስነኩት።

ዋንዛ

ስለ ተነቀለው ቁልፍ አይጨነቁ። ይህ በእኛ አገር በጋ የሚጠበቅ ነው። ሾጣጣው ውታፍ የሚይዘው በጥብቀቱ ብቻ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ የነበረው በየካቲትና በመጋቢት ደርቆ ሲሟሽሽ ይላቀቃል።

በኮላ አይለጥፉት፤ አንድ ቀን መሰኪያ ለመግጠም ወይም ለመለወጥ ሲፈልጉ ከጊታሩ ጋር ይታገላሉ። ከደብተር ላይ ጠባብ የወረቀት ቁራጭ ቆርጠው፣ በውታፉ ዙሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅልለው፣ በመጠኑ እያዞሩ ወደ ውስጥ ይግፉት። አሁንም ከላላ ሁለተኛ ዙር ይጨምሩ። በመዶሻ ግን አይምቱት፤ የግርጌው ድጋፍ እንጨት የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ወረቀቱ ለአንድ በጋ ይበቃል፤ ክረምት ሲገባ እንጨቱ እንደ ገና ስለሚያብጥ በሰኔ ወር አንድ ጊዜ አውጥተው ወረቀቱን ይቀንሱለት።

ይህ የማይስማማዎት ከሆነ እንደ ተረከዙ በብሎን የሚያዝ ቁልፍ ሊተኩበት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ግን የቆየውን ሰፊ ቀዳዳ በጠንካራ እንጨት ሽብልቅና በኮላ ደፍነው፣ አንድ ሙሉ ቀን አድርቀው፣ በመካከሉ አዲስ ቀጭን ቀዳዳ መብሳት ይኖርብዎታል። ከሠርጉ ወቅት በፊት ጊዜ ካለዎት ቅዳሜ ጠዋት ይዘውት ወደ ሥራ ቤቴ ይምጡ፤ አብረን እንሠራዋለን። የወይራውን ቁራጭ አይጣሉት፤ ሽብልቁን ከእርሱ እንቀርጻለን።

ጣና ዳር

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለጊዜው በወረቀት አጥብቄዋለሁ፤ አንድ ዙር በቃው። ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ጊታሩንና የወይራዋን ቁራጭ ይዤ እመጣለሁ።